የሠላሳው ማረጋገጫ ምን ያረጋግጣል?

አንዱ ዙር 400 ሜትር በሆነው በአዲስ አበባ ስታዲየም መሮጫ ላይ 1,500 ሜትር የሚሮጥ ሰው፥ 3 ዙር ጨርሶ 300 ሜትር ይቀረዋል። ከመነሻው ምን ያህል ርቆ እንደሚቆም የሚነግረን የዙሩ ብዛት ሳይሆን ይህ ትርፍ ነው። ጀርመናዊው ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የትርፍን ስሌት ሕግ አበጀለት። የአገራችን ባሕረ ሐሳብ ግን ከዚያ አስቀድሞ በዚሁ ስሌት በዓላትንና አጽዋማትን ሲያወጣ ኖሯል። ስለዚህ እውቀት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ምስጋና ነው። ምስጋናው ይገባዋል፤ ምክንያት ያልታከለበት ምስጋና ግን ትምህርቱን አያሳድገውም።

ቡድናችን በዚሁ ስታዲየም የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደበትን 1954 ዓ.ም. እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7454 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 6 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ተትቶ ወንበሩ 5 ነው። 5 በ11 ተባዝቶ 55፤ 30 ሲገደፍ አበቅቴው 25 ነው። 5 በ19 ተባዝቶ 95፤ 90 ሲገደፍ መጥቅዑ 5 ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ስለ ሆኑ ተማሪው ሒሳቤ ትክክል ነው ብሎ ያርፋል።

ነቀፌታችን እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ተሳስቶ ወንበሩን 6 ቢያደርግ አበቅቴው 6፥ መጥቅዑ 24 ይሆናል፤ ድምሩ አሁንም 30 ነው! ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለ ሆኑ ማንኛውም ወንበር ቢባዛባቸው ያው ነው። እንግዲህ ሠላሳው የማባዛትን ስሕተት ይገልጣል እንጂ የወንበርን ስሕተት አይገልጥም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 5 በመዋል ፈንታ መስከረም 24 ይውላል፥ ጾሙና ፋሲካውም ከቦታቸው ይናወጣሉ።

11 ከወዴት መጣ ቢባል፥ ድሜጥሮስ ሌሊት 23፥ ቀን 7 ሱባዔ መግባቱ ይተረካል። 23 በ7 ተባዝቶ 161፤ 150 ሲገደፍ 11 ነው። 7 በ7 ተባዝቶ 49፤ 30 ሲገደፍ 19 ነው። ትረካው ቁጥሩን ከመረሳት ጠብቆታል፤ የቁጥሩ ምክንያት ግን በሰማይ ነው። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን፥ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነውና ልዩነቱ 11 ነው።

ስለዚህ የሚሻል ማረጋገጫ አለ፤ ያለፈውን ዓመት አበቅቴ መመልከት ነው። የ1953 አበቅቴ 14 ነበረ፤ 11 ሲጨመር 25 ይሆናል። በስሕተት የተገኘው 6 ወዲያው ይጋለጣል። ነገር ግን ይህም በየ19 ዓመቱ አንድ ጊዜ ይሰናከላል። ወንበር 18 ሲሆን አበቅቴው 18 ነው፤ 11 ሲጨመር 29 እንጂ 30 አይሞላም፥ የቀጣዩ ዓመት አበቅቴ ግን አልቦ ነው። በዚያ መሻገሪያ ጭማሪው 12 ሆነ ማለት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ 235 የጨረቃ ወራት ከ19 የፀሐይ ዓመታት ጋራ እንዲገጥሙ የግድ የሚታለፍ አንድ ቀን ነው።

መምህሩ 11ን ሲያስተምር ይህችን አንዲት ቀን ቢነግር፥ ተማሪው ቃሉን ከመሸምደድ አልፎ ሒሳቡን ይመረምራል። አባቶቻችን ያቆዩልንን ማክበርም ሳይፈሩ መመርመር ነው።