የዘመነ ስብከት ዜማና የመጠበቅ ሥርዓት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከበዓለ ልደት በፊት ያሉትን ሦስት ሰንበታት ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ ብላ ሰይማቸዋለች። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13፥ ብርሃን ከ14 እስከ 20፥ ኖላዊ ከ21 እስከ 27 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። ኅዳር 15 ቀን የሚጀመረው ጾመ ነቢያት እስከ ልደት ስለሚዘልቅ፥ ሦስቱም የሚውሉት ምእመናን በጾም ላይ ሳሉ ነው። ለእነዚህ ሰንበታት የተመደበው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ዛሬ በአምልኮ ውስጥ በምን አኳኋን ሊቆይ እንደሚገባ ሲነገር፥ ክርክሩ ስለ ጥንታዊነቱና ስለ ውበቱ ይኾናል እንጂ ስለ ቅደም ተከተሉ አይደለም።

ቅደም ተከተሉ ግን የነገሩ ሥር ነው። በስብከት የሚነበበው ወንጌል ፊልጶስ ለናትናኤል የነገረው ምስክርነት (ዮሐንስ 1) ስለ ኾነ፥ በዚያ ቀን የነቢያት ቃል ይሰማል። በብርሃን ምስባኩ ከመዝሙር 42 ተወስዶ ብርሃን እንዲላክ ይለመናል። በኖላዊ ደግሞ ምስባኩ ከመዝሙር 79፥ ወንጌሉም ከዮሐንስ 10 ነውና መንጋው እረኛውን ይጠራል። እንግዲህ ከመስማት ወደ መለመን፥ ከመለመንም ወደ መጥራት ይደረሳል። የየሰንበቱ የድጓ መዝሙር በዚሁ መንገድ ላይ የሚሄድ ስለ ኾነ፥ ሁለቱ ተጥለው አንዱ ብቻ ቢቀር፥ የቀረው ምንም ቢያምር የሚጠባበቅ ሕዝብ ዜማ መኾኑን ያጣል።

የዜማው አጻጻፍም ይኸንኑ ይመሰክራል። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አደራጁት ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት ምልክት ከቃሉ በላይ በደቂቅ ፊደል ይጻፋል። ፊደሉ በሌላ ስፍራ የሚገኝ የታወቀ ዜማ ቃልን በአኅጽሮት ጠቅሶ እንደዚያ አዚም ይላል እንጂ ድምፁን በቀጥታ አያሳይም። ስለዚህ አንዱን መስመር ለማዜም የድጓን ሌላ ክፍል በቃል ማወቅ ግድ ነው። በቤተልሔም ጋይንት ድጓ ለማስመስከር ረጅም ዓመታት የሚፈጀውም ስለዚሁ ነው።

ኬይ ካውፍማን ሼለሜይና ፒተር ጄፈሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በ3 ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዜማ መድበል የምልክቶችን መዝገበ ቃላት በማዘጋጀቱና ጽሑፉን ከአዜሙ ድምፅ ጋር አስተያይቶ በማጥናቱ ትልቅ ውለታ ውሏል። ነገር ግን መድበል በባሕርዩ ከየወቅቱ መርጦ ያቀርባል። ይህ ለተመራማሪ የተፈቀደ ነው፤ ደስ ያለውን ዜማ ብቻ መርጦ የቀረውን ለሚተው አገልጋይ ግን ምክንያት ሊኾነው አይችልም።

በሌላ ወገን ሕዝቡ ግዕዝ ስለማይሰማ በዜማው ምትክ አዲስ የአማርኛ መዝሙር ይግባ የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው እውነተኛ ነው፤ ሥርዓት ነው ብሎ ብቻ የሚመልስላቸው ሊቅም ለዜማው አልጠቀመውም። መፍትሔው ግን አይስማማም። ምልክቱ የተቀመጠው በግዕዙ ቃል ላይ ስለ ኾነ፥ ቃሉ ሲተረጐም ዜማው ይፈርሳል። በጾሙ መካከል የልደትን ደስታ የሚያውጅ አዲስ መዝሙር ደግሞ መጠበቁን ራሱን ያስቀራል። የሚሻለው መዝሙሩ ከመመራቱ በፊት ትርጕሙንና ከዕለቱ ወንጌል ጋር ያለውን ዝምድና በአማርኛ ባጭሩ መናገር ነው።

የነገሩ ክብደት ይበልጥ የሚታየው በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎች ነው። ምዕራባውያን ልደትን የሚያከብሩበት ዲሴምበር 25 ታኅሣሥ 16፥ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም 15 ስለሚውል፥ ሁልጊዜ በብርሃን ሳምንት ውስጥ ይገባል። ከተማው በዓሉን ሲያከብር ምእመናኑ ገና ብርሃን ይለምናሉ። በዚህ ጊዜ ልጆቻቸው ለምን እንደሚጠብቁ የሚያስረዳቸው ከዜማው የበለጠ መምህር የለም። ሊቃውንት በሚያንሱበት አጥቢያ ማሳጠር ግድ ቢኾን፥ የሚያጥረው የየሰንበቱ አገልግሎት እንጂ የሰንበታቱ ቍጥር ሊኾን አይገባም። በአንድ እሑድ ሌሊቱን ሙሉ ከማዜም፥ በሦስቱም እሑድ አንድ አንድ መዝሙር በቦታው ማድረስ ይበልጣል።