የትኛው ለውዝ? ስለ ኦቾሎኒ በሚሰጠው የጤና ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ኦቾሎኒ በአማርኛ የሚጻፉ የጤና ጽሑፎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። በቅድሚያ ኦቾሎኒ በፕሮቲን፣ ለልብ ተስማሚ በሆነ ቅባት፣ በማግኒዥየምና በፎሌት የበለጸገ መሆኑ ይነገራል፤ ቀጥሎ የልብ ሕመምን እንደሚከላከልና ረሃብን እንደሚያስታግሥ ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም አለርጂ ያለበት ሰው እንዳይበላው የሚያሳስብ አንድ መስመር ይታከልና ጽሑፉ ይዘጋል። በጤና ጣቢያ የጠዋት ትምህርት ላይ የሚሰማውም ከዚህ እምብዛም አይለይም። ከተባለው ውስጥ ሐሰት የሆነ ዐረፍተ ነገር ነቅሶ ማውጣት ያስቸግራል። ጉድለቱ ውዳሴውም ማስጠንቀቂያውም ከሌላ አገር ገበያ ተቀድተው መምጣታቸው፣ ታካሚው ከጉሊት የሚገዛውን ኦቾሎኒ የሚመለከተው ዋና ጉዳይ ግን በመካከል ተዘልሎ መቅረቱ ነው።

ከስሙ መጀመር ይገባል። «ለውዝ» በመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉም የምናገኘው ዛፍ ነው፤ ቃሉ በዐረብኛም የዚያው ዛፍና የፍሬው ስም ነው። በከተማ ሰው አንደበት ግን የለውዝ ሻይም ሆነ የለውዝ ቅቤ የሚሠራው ከኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ የባቄላና የአተር ዘመድ እንጂ የዛፍ ፍሬ አይደለም፤ አበባው ከመሬት በላይ ይፈካል፣ ፍሬው ከአፈር በታች ይጎመራል። ይህ የስም መደራረብ ተራ የቋንቋ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ በትርጉም ሥራ ላይ ግን ጉዳት አድርሷል። በስፔን የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው፣ ከ7,400 በላይ ሰዎችን ያካተተው ፕሬዲሜድ የተሰኘው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥናቱ በዕጣ አመዳደብ ረገድ በታየበት ግድፈት ምክንያት በ2018 ተነሥቶ እንደገና ተተንትኖ ታትሟል፤ የመጨረሻው ውጤትም ከመጀመሪያው ብዙ አልራቀም። በዚያ ጥናት ተሳታፊዎቹ በየቀኑ የተሰጣቸው 30 ግራም ፍሬ ዋልነት፣ እውነተኛው ለውዝና ሄዝልነት እንጂ ኦቾሎኒ አልነበረም። ዜናው «ለውዝ ልብን ይጠብቃል» ተብሎ ወደ አማርኛ ሲገባ ምስጋናውን ኦቾሎኒ ወሰደው።

ይህ ማለት ኦቾሎኒ የራሱ ማስረጃ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ 119,000 በሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች ላይ የወጣው የክትትል ጥናት በሳምንት ሰባት ጊዜና ከዚያ በላይ እነዚህን ፍሬዎች የሚበሉ ሰዎች ሞት ከማይበሉት በ20 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ኦቾሎኒ ለብቻው ሲታይም ዝምድናው ተመሳሳይ ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ2015 የወጣው ነው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በአብዛኛው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ጥቁሮችንና ነጮችን፣ በቻይናም የሻንግሃይ ነዋሪዎችን፣ በድምሩ ከ200,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው ይህ ጥናት አብዛኛውን የዘገበው ኦቾሎኒን ነው፤ ብዙ በሚበሉት ዘንድ ሞት በአሜሪካ በ21፣ በሻንግሃይ በ17 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱም በምልከታ የተገኙ ዝምድናዎች ናቸውና ምክንያትንና ውጤትን አያረጋግጡም። ቢሆንም ውድ የሆነውን የዛፍ ፍሬ መግዛት ለማይችል ሰው ኦቾሎኒ ደካማ ምትክ አለመሆኑን ለመናገር ይበቃሉ። በ100 ግራም ውስጥ ወደ 26 ግራም ፕሮቲንና 570 ገደማ ኪሎ ካሎሪ የሚይዝ ምግብ፣ ሥጋና ወተት ከማዕድ በሚርቁባቸው ረጅም የጾም ወራት፣ ከቆሎ ጋር ተቀላቅሎ መገኘቱ መልካም ነገር ነው። ክብደት መቀነስ ለሚገባው የስኳር ሕመምተኛ መጠኑን በአንድ ጭብጥ መወሰን፣ የደም ግፊት ላለበትም ጨው ያልበዛበትን መምከር በቂ ይሆናል።

እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት ግን ምን ዓይነት ኦቾሎኒ በሚበላበት አገር ነው? በአሜሪካ ኦቾሎኒ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ይመረመራል፤ የአፍላቶክሲን መጠኑ በኪሎ ከ20 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ሕግ ያስገድዳል። የአውሮፓ ኅብረት ለቀጥታ ምግብነት የሚፈቅደው 4 ብቻ ነው። አፍላቶክሲን አስፐርጊለስ ፍላቨስና ዘመዶቹ የሆኑ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ ሲሆን፣ የታወቀውም ከኦቾሎኒ ጋር በተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ያለቁት ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም መርዙን በሰው ላይ ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠው ከአንደኛው ምድብ መድቦታል።

ከባቢሌ፣ ከጉርሱም፣ ከፈዲስና ከዳሮ ለቡ በተሰበሰቡ 120 የኦቾሎኒ ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በ93ቱ አፍላቶክሲን አግኝቷል። መጠኑ በኪሎ ከ15 እስከ 11,900 ማይክሮግራም ይደርስ ነበር። ዝቅተኛው ቁጥር ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለተጨማሪ ማቀነባበሪያ በሚውል ኦቾሎኒ ላይ ከጣለው ጣሪያ ጋር እኩል ነው፤ ከፍተኛው የአውሮፓውን ወሰን 3,000 ጊዜ ያህል ያጥፋል። አራት ወረዳዎች አገሩን ሁሉ አይወክሉም፣ የአንድ ዓመት ምርትም የሌላውን አይናገርም። ነገር ግን የሐረርጌ ምሥራቃዊ ክፍል ዋነኛ የኦቾሎኒ አምራች መሆኑን የሚያውቅ ሰው እነዚህን ቁጥሮች እንደ እንግዳ ነገር ሊያልፋቸው አይችልም። ጥፋቱን በገበሬው ጎተራ ላይ ብቻ መጫንም ተገቢ አይደለም። ፍሬው በሚሞላበት ወቅት ድርቅ ሲመታው ሻጋታው ገና ማሳ ላይ ሳለ ይገባል፤ ጎተራው የሚያደርገው የተጀመረውን ማባባስ ነው።

በጤና ትምህርት ላይ የሚሰነዘረው ሂስ ክብደት የሚያገኘው ጉበት ላይ ሲደርስ ነው። በሻንግሃይ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ ለአፍላቶክሲን የተጋለጠ ሰው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 3.4 ጊዜ፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ያለበት 7.3 ጊዜ ከፍ ሲል፣ ሁለቱ የተገናኙበት ሰው ግን ወደ 59 ጊዜ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የጥናቶች ድምር ትንተና በኢትዮጵያ የቫይረሱን ሥርጭት 7.4 ከመቶ አድርጎ ገምቶታል። ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው አዋቂ ሕዝብ አብዛኛው አልተከተበም። የሄፓታይተስ ቢ ታካሚ ወደ ክትትል ሲመጣ መጠጥ እንዲተው፣ የባህል መድኃኒት እንዳይወስድ ይመከራል። የሻገተ እህልና ኦቾሎኒ ግን በምክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቦታ አያገኙም። ይባስ ብሎ ያው ታካሚ «ገንቢ ምግብ ብላ» ሲባል ኦቾሎኒ በስም ይጠራለታል፤ የትኛው ኦቾሎኒ እንደሆነ ግን ማንም አይነግረውም።

«ተቆልቷልና አይጎዳም» የሚለው እምነት በሕዝቡ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም፤ ከባለሙያም ይሰማል። መቁላት ሻጋታውን ይገድላል፣ መርዙን ግን በከፊል ብቻ ይቀንሰዋል፤ መቀቀልም እንዲሁ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው መልቀም ነው። መርዙ በሁሉም ፍሬ እኩል አይሰራጭም፤ በጥቂት የተኮማተሩ፣ የጠቆሩ፣ የተሰበሩ ወይም ነፍሳት የበሏቸው ፍሬዎች ላይ ይከማቻል። መልካም መልክ ያለው ፍሬ ሁሉ ንጹሕ ነው ባይባልም፣ በሰፌድ ላይ ዘርግቶ መጥፎውን መጣል ሸክሙን በብዙ ያቀልላል። ተለቅሞ የወጣው ግን ወዴት ይሄዳል? በብዙ የአፍሪካ ገበያዎች መልኩ የተበላሸው ፍሬ ወደ ወፍጮ ይሄዳል፤ ከተፈጨ በኋላ መልክ የለም። ስለዚህ በመልካም ዝና የሚጠራው የለውዝ ቅቤ፣ ያልተመረመረ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ተለቅሞ ከተቆላው ኦቾሎኒ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልግ ምግብ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለውን ብልቃጥ ለልጆቻቸው የሚገዙ ባለሙያዎች ይህን ሲሰሙ መገረማቸው አይቀርም።

የሚያስገርመው በዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህ ዕውቀት ከመደርደሪያው ላይ መኖሩ ነው። ለአጣዳፊ የምግብ እጥረት የሚሰጠው ፕላምፒናት በኦቾሎኒ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ባወጣው መግለጫ እንዲህ ባለ ምግብ ውስጥ የሚፈቀደው አፍላቶክሲን በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ልጁ ክብደቱ ተመልሶ ከፕሮግራሙ ሲወጣ እናቱ በቤቷ ኦቾሎኒ ፈጭታ በገንፎ እንድትጨምርለት ትመከራለች። ምክሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ስለ መልቀምና ስለ ማድረቅ አንድ ቃል ሳይጨመርበት መሰጠቱ፣ በ2002 ከቤኒንና ከቶጎ የወጣው ጥናት አፍላቶክሲንን ከሕፃናት ዕድገት መቀንጨር ጋር ካዛመደው በኋላ፣ ለማስተባበል ይከብዳል።

ከውጭ የተቀዳው ማስጠንቀቂያ ማለትም አለርጂው ደግሞ ራሱ አርጅቷል። ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት እስከ ሦስት ዓመት ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ የሚለው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ምክር እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2008 ተነሥቷል። በጊዲዮን ላክ መሪነት በለንደን የተካሄደውና በ2015 የታተመው ሙከራ ነገሩን ገለበጠው፤ ከባድ ኤግዚማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለባቸው 640 ሕፃናት መካከል ኦቾሎኒ ከተከለከሉት 17.2 ከመቶዎቹ፣ ከተመገቡት ግን 3.2 ከመቶዎቹ ብቻ በአምስት ዓመታቸው አለርጂ ተገኘባቸው። አሮጌው ክልከላ በአማርኛ ዛሬም የሚነገር ከሆነ መታረም አለበት።

ለሕፃናት ሊነገር የሚገባው ማስጠንቀቂያ ሌላ ነው። ሙሉ ፍሬ ኦቾሎኒ ከአራትና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ሳንባ ቧንቧው ከሚስባቸው ባዕድ ነገሮች መካከል በመላው ዓለም በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። የኋላ ጥርስ የሌለው ልጅ ሊያደቀው አይችልም፤ ሲስቅ ወይም ሲሮጥ ትን ይለዋል፣ ይስላል፣ ከዚያም ዝም ይላል። ዝምታው የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። የኦቾሎኒው ዘይት የቧንቧውን ግድግዳ ያስቆጣል፤ ከቀናት በኋላ ልጁ በትኩሳትና በአንድ ወገን ሲር በሚል ትንፋሽ ይመጣል። ፍሬው በራጅ አይታይም። ከዚያ በኋላ የሚከተለው በጤና ተቋማት የተለመደ ጉዞ ነው፤ ለሳንባ ምች አንድ ዙር አንቲባዮቲክ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ከዚያ የአስም መድኃኒት፣ አንዳንዴም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና። ባዕዱን ነገር የሚያወጣው ብሮንኮስኮፒ በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ ስለሚገኝ ልጁ ወደዚያ የሚላከው የሚጠረጥር ባለሙያ ሲያገኝ ነው። ጥርጣሬው ደግሞ እናትየውን በአንድ ጥያቄ ከመጠየቅ ይጀምራል፤ ሳሉ ከመጀመሩ በፊት ልጁ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ እየበላ ትን ብሎት ነበር ወይ?