የብድር ታሪካችንን የሚጽፈው ማነው?

ባንኮቻችን «የብድር ታሪክ» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አስቀድሜ የምጠይቃቸው «ታሪኩን የሚተርከው ማነው?» ብዬ ነበር። በዚህኛው ታሪክ ተራኪው አበዳሪው ነው። ባለታሪኩ ተበዳሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈበትን ሳያነብ ፍርዱን ይሰማል።

ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ወደ አንድ ማዕከል ይልካሉ፤ ከማበደራቸው በፊትም እዚያው ያያሉ። ነገሩ ክፉ አይደለም። ከሦስት ባንክ ተበድሮ አራተኛውን የሚያንኳኳውን መለየት የአስቀማጩንም ገንዘብ መጠበቅ ነው። ጣጣው የሚመጣው መዝገቡ ሲሳሳት ነው።

እዚህ ጎፋ ገብርኤል አካባቢ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። ብድሩን ከፍሎ ጨርሶ፣ ክሊራንሱን በማኅተም ተቀብሎ፣ ለመቁረጫ ማሽን መግዣ ሌላ ባንክ ሄደ። «ያልተዘጋ ብድር ይታይብዎታል» አሉት። የመጀመሪያው ባንክ «እኛ ዘግተናል» ይላል፤ ሁለተኛው «እኛ የምናየው ሲስተሙን ነው» ይላል። በሁለቱ መሀል ሲመላለስ የያዘው ሥራ ለሌላ ተሰጠ። «ጋሼ፣ ከፍዬ ስጨርስ ነው እንዴ ባለዕዳ የምሆነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

እስቲ የመስኮቱን አማርኛ ልብ በሉት። «ተመዝግቧል»፣ «ታይቷል»፣ «አልተፈቀደም»። ሁሉም ተገብሮ ግስ ነው፤ አድራጊው የለም። መዝጋቢ የሌለው ምዝገባ፣ ከልካይ የሌለው ክልከላ! ስህተቱን ቁልፍ ተጭኖ የላከው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ ወጥቷል፤ «ሲስተሙ» የሚባል ገጸ ባሕርይ በቦታው ተተክቷል። ሲስተም ደግሞ አይጠየቅ፣ አይከሰስ።

የስማችንም ነገር አለ። አበበ ከበደ የሚባል ሰው በአንድ ቀበሌ ስንት ነበር? ኃይሉ በሀሌታው «ሀ» ይጻፍ፣ በሐመሩ «ሐ» ወይስ በብዙኃኑ «ኀ» እያልን መምህራኑ ስንሟገት ማንንም አልጎዳንም። መኮንን በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ «ኤን»፣ አንዴ በሁለት ሲጻፍ ግን አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ሁለት ሞክሼዎችም አንድ ይሆናሉ። የፋይዳ ቁጥር ይህን ያቀልል ይሆናል። የተከፈለን ዕዳ «አልተከፈለም» ብሎ ለላከ ባንክ ግን ፋይዳ መድኃኒቱ አይደለም።

በድሮው ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ጭካኔ ነበረበት፤ ማንም እንዲመለስ አይመኝም። ሆኖም ባለዕዳው ከሳሹን ያየዋል፣ «ከፍያለሁ» ብሎ በአፉ ይመልሳል። በእቁብም ቢሆን ጸሐፊው መዝገቡን ዳኛውና አባላቱ ፊት ገልጦ ነው የሚያነብ፤ የተሳሳተ ካለ እዚያው «ኧረ እኔ ሰጥቻለሁ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ ነው በኮምፒዩተሩ ዘመን ያጣነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን ስለ «ክሬዲት» ሲያወሩ ስለ ልጃቸው ጤና የሚያወሩ ይመስላሉ። አላጋነኑም፤ ቤት የሚከራዩት በእሱ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ ሰው ሪፖርቱን ተቃውሞ ሲያመለክት፣ መዝጋቢው ድርጅት ጉዳዩን አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ማረም አለበት። እንዲያም ሆኖ የአገሩ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት ከአምስት ሸማቾች አንዱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርቱ ላይ ስህተት ተገኝቶበታል። ከሃያ አንዱ ደግሞ በስህተቱ ምክንያት ለብድር የበለጠ ሊከፍል የሚችል ነበር። ሕግና ጠበቃ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ጠያቂ በሌለበት ምን ያህል ይሆን?

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና የተሳሳተውን እንዲያሳርም መብት ሰጥቶታል። እኔ የምለው፣ ይህ መብት እስከ ቅርንጫፍ መስኮት ይውረድ ነው። ብድር የከለከለ ባንክ የትኛው መረጃ እንዳስከለከለው በጽሑፍ ይስጥ። የተሳሳተውን የላከው ራሱ፣ በቁርጥ ቀን፣ በራሱ ወጪ ያርም፤ ማስረጃ ተሸክሞ መንከራተት የተበዳሪው ዕጣ አይሁን።

እስከዚያው ብድር ጨርሳችሁ ክሊራንስ ስትቀበሉ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። «መዘጋቱ ለብሔራዊ ባንክ የተላከበትን ቀንና የላከውን ሠራተኛ ስም እዚህ ላይ ጻፉልኝ» በሉ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ግራ ትጋባ ይሆናል። «እንዲህ ያለ ቅጽ የለንም» ካለች ሥራ አስኪያጁን አስጠሩ፤ ወንበር ካለ ተቀምጣችሁ ጠብቁ።