ደህና የሚያይ ዓይን

«ዓይኔስ ደህና ነው፤ ስኳሬን ብቻ ለኩልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ቸኩዬ አልሸኘውም። በዓይን ነርስነቴ ከሁሉ የሚከብደኝ አላመመኝም የሚለውን ሰው ዓይን አጥብቆ ማየት ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ የኔታ ናቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ሌላ ወረዳ ሳለሁ ነው። ስኳር ከያዛቸው ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጣት የመሰለችው ምልክት ወዴት እንደዞረች እስከ ታችኛው መስመር ድረስ በእጃቸው አሳዩኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ብሌን የሚያሰፋውን ጠብታ ሳልጨምርላቸው «ደህና ነዎት» አልኳቸው። በዓመቱ ተመልሰው «ልጄ፣ የዳዊቱ መስመር ይጎብጥብኛል፤ መሀል ላይ ፊደል ይጎድልብኛል» አሉኝ። ያን ቀን የዓይንን ውስጥ የማይበትን ኦፍታልሞስኮፕ ሳስጠጋ የደም ነጠብጣብና ቢጫ ቅባት ሬቲናቸውን፣ ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ሞልቶት አገኘሁ። ይህ የአንድ ዓመት ጉዳት ብቻ አይመስለኝም። መጀመሪያ በመጡ ጊዜም ሳይኖር አይቀርም፤ ያላየሁት እኔ ነኝ።

ላስታ ውስጥ ወዳለው የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለውን ጠበል ያውቀዋል፤ ከሥሩ ጎድጓዳ ድንጋዮች ይቀበሉታል። አሁን ለማገለግለው ለላስታ ሰው ሕመሙን የማስረዳው በዚህ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ሲል የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያላላል፤ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ዓይን ውስጥ ግን የሚቀበል ድንጋይ የለም፤ የሚያብጠው ሬቲናው ራሱ ነው። ዳር ዳሩን ሲያፈስ ባለቤቱ ምንም አይታወቀውም። ፊደልና ፊት የምንለይበት መሀሉ፣ ማኩላው፣ ሲነካ ነው መስመር የሚጎብጠው። አንዳንዱ ደም ሥር ደግሞ ይደፈናል፤ ደም ያጣው ሬቲና አዲስ ሥር ያበቅላል። ይህ አዲሱ ሥር ደካማ ነውና ሲደማ ሰውየው በድንገት ጥላሸት ይወርድበታል።

ብዙዎች ሲደበዝዝባቸው «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» ብለው ይቆያሉ። ይህ መቆየት ያንገበግበኛል። ሌዘሩም ወደ ዓይን የሚሰጠው መርፌም በአብዛኛው የሚያተርፉት የቀረውን ነው። በጉልምስና ስኳር የተገኘበት ሰው ያኔውኑ፣ ከዚያም በየዓመቱ መታየት አለበት።

ለዚህ ምርመራ የምጨምረው ጠብታ ብሌኑን እስኪከፍት 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ብርሃን ይወጋል፤ ቅርብ ያለው ይደበዝዛል። ቁልቁለቱን በእግሩ የሚወርድ ሰው የሚይዘው ልጅ አስከትሎ እንዲመጣ አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

የኔታ ጎንደር ታክመው የአንድ ዓይናቸው ዕይታ ተረፈ። ዳዊቱን አሁን ተማሪ ያነብላቸዋል፤ እሳቸው በቃላቸው እየተከተሉ፣ ልጁ ሲስት ያርሙታል።