ምን ብዬ ልመለስ?

እናት ልጇን ወንፊት ተውሰህ ና ብላ ጎረቤት ትልከዋለች። ጎረቤቷ ታቅማማለች። ልጁ አይለምንም፤ ደጃፉ ላይ እንደቆመ «ታዲያ ምን ብዬ ልመለስ?» ይላል። ሴትዮዋ ወንፊቱን ከተሰቀለበት ታወርዳለች። ልጁን እምቢ ማለት ቀላል ነበር። አሁን ግን ቃሏ አጥር ተሻግሮ እናቱ ጆሮ ሲገባ ታያት። ለጋብቻም ሆነ ለእርቅ የተላኩ ሽማግሌዎች ነገሩ ሲጠብቅባቸው የሚመዙት ይህንኑ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉት ንግግር የሚያበቃውም በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልሂድ የሚል። ንግግሩን ደጋግሜ ሳነብ ከዚያ ደጃፍ እስኪደርሱ ድረስ መንገዱን እንዴት እንደጠረጉት ያስደንቀኛል።

ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አናወጡት፤ ጋዜጠኞቹ እስኪወጡ ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ የመጀመሪያው ጥበብ መጣ። የመጣሁት ከ8 ወር በፊት 50 መንግሥታት ቃል የገቡልንን ልጠይቅ ነው አሉ። ምጽዋት ለማኝ ቢሆኑ ሰጪው ይኮራባቸው ነበር፤ ዕዳ ጠያቂ ሲሆኑ ግን አንገቱን የሚደፋው ሌላው ነው። ወዲያው ደግሞ ሊቃወሟቸው የሚችሉበትን ነገር ራሳቸው ቀድመው አነሱት፦ የአገር መሪ ራሱ እዚህ ቆሞ ሲናገር ታይቶ አይታወቅም፤ ግን ሕዝብም እንዲህ ያለ ግፍ ሲደርስበት ታይቶ አይታወቅም። ሊያሳፍራቸው የነበረው ቃል ዞሮ ክሱን ተሸከመላቸው።

ተራ ጠበቃ ቢሆን የማኅበሩን ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 ዘርግቶ ይጀምር ነበር። እሳቸው ሕጉን አቆዩትና ጣልያን በኢትዮጵያ ላይ የተጠቀመችበትን የመርዝ ጋዝ አስቀደሙ። እሱንም ደረጃ በደረጃ፦ በመጀመሪያ አስለቃሽ ጢስ፣ ቀጥሎ መርዝ የሞላበት በርሜል፣ በመጨረሻም አውሮፕላን ላይ የተገጠመ መርጫ። አውሮፕላኖቹን ሲቆጥሩ 9፣ 15፣ 18 ይላሉ፤ ተከታትለው ሲበሩ ጉሙ አንድ ወጥ ሆኖ እንደሚዘረጋ ይነግራሉ። ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ ሰሚው ሰማዩ ሲጠቁርበት ይሰማዋል። ከሰውም አልፈው ወደ ከብቱ፣ ወደ ወንዙና ወደ ግጦሹ ይወርዳሉ። ገበሬ የሆነ ሁሉ፣ ስዊስም ይሁን ሮማኒያዊ፣ የተመረዘ ውኃ ምን እንደሆነ አስተርጓሚ አያሻውም።

መሐል ላይ ከጣልያን ጋር የነበረው ውልና የወልወሉ ግጭት ታሪክ ረዘም ይላል፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ጋ እኔም ገጽ እዘላለሁ። ግን ያ ርዝመት እንኳ አንድ ሥራ ይሠራል፤ ከሳሹ ማስረጃውን ቆጥሮ እያስረከበ ነው። ከዚያ ችሎቱን ይገለብጡታል። ጉዳዩ የኢትዮጵያና የጣልያን ብቻ መሆኑ ይቀርና የትናንሽ አገሮች ሁሉ ይሆናል። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው ሁሉ ተከሳሽ ወይም ቀጣዩ ተበዳይ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል።

መጨረሻ ላይ ጥያቄው ሲመጣ የሚያሸሽ ቀዳዳ አልቀረም። የቋንቋችን ነገር ሆኖ «መልስ» እና «መመለስ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ መልስ ያልተሰጠው መልእክተኛ መመለሻም የለው።

ማኅበሩ መልስ አልሰጠም። በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ሐምሌ 8 ቀን ተነሳ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀመጡ። አዲስ አበባ የተመለሱት በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን ቀደም ሲል በገባባት ዕለት፣ ሚያዝያ 27።