ላይማ፤ ከዕድል ጋር የሚደረግ ሙግት

ስለ ባልቲክ ሕዝቦች ጥንታዊ እምነት የሚያትቱ አንዳንድ ጽሑፎች ላይማን «የመልካም ዕድል አምላክ» ብለው ባጭሩ ያልፏታል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በላትቪያና በሊትዌኒያ ቋንቋዎች ስሟ ደስታንና መልካም ዕድልን ከሚያመለክተው ቃል ጋር አንድ ነው፤ ሥራዋ ግን ሕፃን ሲወለድ የሕይወቱን ድርሻ፥ ክፉም ይሁን ደግ፥ መቍረጥ ነው። የእኛው «ዕድል» የሚለው ቃል ድርሻንም መልካም አጋጣሚንም ባንድነት ስለሚይዝ፥ የአማርኛ አንባቢ ይህን ድርብ ፍች ለመረዳት አይቸገርም።

በሊትዌኒያ ተረቶች ውስጥ ላይማ፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ላይማዎች፥ ሕፃን በተወለደበት ሌሊት ከመስኮት ሥር ቆመው ፍርዳቸውን ይናገራሉ። ፍርዱን ሰምቶ ለማምለጥ የሚጥር ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። በሰፊው በሚነገር አንድ ተረት፥ ልጃቸው በውሃ ጕድጓድ እንዲሞት የተፈረደባቸው ወላጆች ጕድጓዱን በቆዳ ይከድኑታል፤ ዳሩ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ልጁ በዚያው ክዳን ላይ ሞቶ ይገኛል።

የላትቪያን የቃል ግጥም ያነበበ ሰው ግን ሌላ ድምፅ ይሰማል። ክሪሽያኒስ ባሮንስ ከ1894 እስከ 1915 እ.ኤ.አ. በስድስት ቅጽ ያሳተመው ስብስብ 218,000 ያህል ግጥሞችን ይዟል፤ «ዳይና» የሚባሉት እነዚህ ግጥሞች አብዛኞቹ ባለ አራት ስንኝ ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ላይማ ሴቶች በሚወልዱበት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ትገኛለች፤ ሙሽራዪቱን ትሸኛለች፤ እናት የሌላት ልጅም እንደ እናት ትጠራታለች። ገበሬው ለጀርመናውያን ባለርስቶች ተገዥ ሆኖ በኖረበት ምድር፥ ዕጣዋ የከፋባት ሴት ላይማን ፊት ለፊት ትወቅሳታለች፤ ስለ ምን እንዲህ ፈረድሽብኝ ትላታለች።

እንግዲህ ተረቱና ግጥሙ ይቃረናሉን? እንደ እኔ አስተያየት አይቃረኑም። ተረቱ ስለ ሌላ ሰው የሚነገር በመሆኑ ፍርዱን እንደ ሕግ አድርጎ ያሳያል፤ ግጥሙ ግን ሕጉ የደረሰበት ሰው ራሱ የሚናገረው ነው። ዘፋኟ ፍርዱ መቈረጡን አትክድም፤ ዝም ማለትን ግን እንቢ ትላለች። ላይማን የተስፋ መቍረጥ ምልክት ብቻ አድርገው የሚተረጕሙ ሰዎች የሳቱት ይህን ነው። የሚወቀስ አምላክ ይሰማል ተብሎ የታመነበት ነውና።

ሌላው ስሕተት፥ ከየመንደሩ የተሰበሰቡትን አራት አራት ስንኞች እንደ አንድ መጽሐፍ አንቀጾች ገጣጥሞ የተሟላ ሃይማኖት ለመሥራት መሞከር ነው። እያንዳንዱ ዳይና በልደት፥ በሠርግ ወይም በሥራ ላይ የተዜመ የአንድ ሰው ቃል ነው። ስለዚህ የቃል ግጥም የሚመረምር መምህርም ሆነ ተማሪ፥ ሕዝቡ ምን አመነ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ይህን የተናገረው ማን ነው፥ ለማንስ ተናገረው ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።