ምሳ በደጃፍ

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ፒተርቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ማክዶዌል የሚሉት፣ አርቲስቶች ለጊዜው ተቀምጠው የሚሠሩበት ማረፊያ አለ። በጫካው ውስጥ ተራርቀው የተሠሩት ስቱዲዮዎች ምሳ የሚደርሳቸው በቅርጫት ነው። አምጪው በረንዳ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ በር ማንኳኳት ብሎ ነገር የለም። ሳይጋበዝ የሰው ስቱዲዮ የሚረግጥም የለም። ጎረቤት ለቡና ተጠራርቶ በሚውልበት ሰፈር ላደገ ሰው ይህ ኩርፊያ ሊመስለው ይችላል። ለእኔ ግን ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለም።

ቦታውን በ1907 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የሙዚቃ ቀማሪው ኤድዋርድ ማክዶዌልና ፒያኖ ተጫዋቿ ባለቤቱ ማሪያን ናቸው። እሱ በማግስቱ ዓመት ሞተ። እሷ በየከተማው ፒያኖ እየተጫወተች ገንዘብ አሰባሰበች፤ ማረፊያው የቆመው በእሷ ጉልበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዶቹ በየስቱዲዮው ባለ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። ደራሲዎቹ ሶርንተን ዋይልደርና ጄምስ ባልድዊን እዚህ ሠርተዋል።

የመግቢያ ማመልከቻውንም ነገር እወድለታለሁ። ዲግሪህን ሳይሆን ሥራህን አሳየን ይላል። ተመራጩ ለመኝታም ለምግብም አይከፍልም፤ አቅም ያነሰው የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። አመልካቹ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት መሆኑ የታወቀ ነው። ቢሆንም «እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?» የሚለውን በጥቂት መስመር ለመመለስ መቀመጥ ብቻውን ሥራውን ያጠራዋል። የሚላከውን የሥራ ናሙና መምረጥ ደግሞ ይብሳል፤ ካከማቹት ገጽ ሁሉ ለማያውቁት ዳኛ የሚሰጡት የቱን ነው?